አንድ ዋት በአንድ ሜትር፦ ዝቅተኛ ብቃት ላላቸው የቤት ስፒከሮች አምፕሊፋየር ስለ መምረጥ



ንግግሬን በአንድ የቃል ችግር ልጀምር። በአማርኛችን «ድምፅ ማጉያ» የሚለው ስም ሦስት የተለያዩ ዕቃዎችን ያገለግላል። ተናጋሪው በእጁ የሚይዘውን ማይክሮፎን ድምፅ ማጉያ እንለዋለን። በምሰሶ ላይ የተሰቀለውን ጡሩንባ መሰል ዕቃም ድምፅ ማጉያ እንለዋለን። በሁለቱ መካከል ተቀምጦ፣ ከግድግዳው ኃይል እየሳበ ደካማውን ምልክት የሚያበረታውንም እንዲሁ። ከሦስቱ ይህ ስም በትክክል የሚገባው ለመጨረሻው ብቻ ነው። ስፒከር ምንም አያጎላም፤ እንዲያውም የተሰጠውን ኃይል ከሞላ ጎደል በሙሉ ወደ ሙቀት የሚለውጥ ዕቃ ነው። ስለዚህ ዛሬ የመርካቶን ቋንቋ ተከትዬ አንዱን አምፕሊፋየር፣ ሌላውን ስፒከር እላለሁ። ጉዳዬም የሁለቱ መጣመር ነው፤ በተለይም ስፒከሩ ብዙ እየበላ ጥቂት ድምፅ የሚሰጥ ሲሆን ምን ዓይነት አምፕሊፋየር ያስፈልገዋል የሚለው።

ወደዚህ ጥያቄ ያመጣኝ ትምህርት ሳይሆን ስሕተት ነው። በወጣት መምህርነቴ ዘመን፣ አገር ለቅቆ ከሚሄድ አንድ ባልደረባ ሁለት ትንንሽ ስፒከሮች ገዛሁ። ሳጥናቸው በሁሉም ወገን ዝግ ነው፤ ከጫማ ካርቶን ጥቂት ይበልጣሉ፤ ሲያነሡአቸው ግን ከመጠናቸው ይልቅ ይከብዳሉ። ከጀርባቸው «8 ኦም፤ 83 ዴሲቤል በ1 ዋት፣ በ1 ሜትር» የሚል ጽሑፍ ነበር። ጽሑፉን አነበብሁት እንጂ አላሰላሁትም። ቤት ከነበረኝ ባለ 20 ዋት አምፕሊፋየር ጋር አገናኘኋቸውና አባቴ የሚወዱትን የማሲንቆና የከበሮ ካሴት አስገባሁ።

አባቴ ያን ጊዜ ጆሯቸው መድከም ጀምሮ ነበር። በበሩ አጠገብ ካለው ወንበራቸውም የሚያነሣቸው አልነበረም። «ትንሽ ጨምረው» አሉኝ፤ ጨመርሁ። «እስቲ ትንሽ ደግሞ» አሉ፤ ጨመርሁ። ከዚያ ፊታቸውን አኮሳትረው «ዘፋኙ ጉሮሮውን ታመመ እንዴ?» ብለው ጠየቁኝ። እኔ የካሴቱ እርጅና ነው አልሁ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ የአንደኛው ስፒከር ትዊተር፣ ማለትም ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣው ክፍል፣ ተቃጥሎ ዝም አለ። በኤሌክትሪክ ምሕንድስና የተመረቅሁት እኔ ነበርሁ፤ ትክክለኛውን ምርመራ ያደረጉት ግን አባቴ ነበሩ። ያ ድምፅ በእርግጥ የታመመ ነበር፤ የታመመበትን ምክንያት ለመረዳት ግን ከዚያች «83» ከምትል ቁጥር መጀመር ይገባኝ ነበር።

አንድ የድምፅ ዋት ሳይባክን ከአንድ ግድግዳ ወደ ፊት ለፊት ቢሰራጭ፣ በአንድ ሜትር ርቀት ላይ 112 ዴሲቤል ገደማ ይለካል። ይህ የመቶ በመቶ ብቃት ልክ ነው። የእኔ ስፒከር 83 ሰጠ፤ ልዩነቱ 29 ዴሲቤል ነው። በቀላል አነጋገር፣ ከሰጠሁት ኃይል ድምፅ ሆኖ የወጣው ከአንድ ሺህኛ ጥቂት የሚበልጥ ሲሆን የቀረው የመዳብ ጥቅሉን ለማሞቅ ዋለ። 92 ዴሲቤል የሚሰጥ ስፒከር አንድ በመቶ ብቃት አለው ማለት ነው፤ እርሱም በዘርፉ እንደ ጎበዝ ይቆጠራል። በአጠቃላይ እየተነጋገርን ያለነው ስለ አባካኞች ቤተሰብ ነው፤ አንዳንዶቹ ከሌሎቹ ይብሳሉ እንጂ።

ታዲያ እንዲህ ያለውን ስፒከር ማን፣ ለምን ይሠራል? ተማሪዎች ብዙ ጊዜ ዝቅተኛ ብቃትን የአሠራር ጉድለት ያደርጉታል። እንዲህ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ አሜሪካዊው ፖል ክሊፕሽ በክፍል ማዕዘን ላይ የሚቆም ትልቅ የጡሩንባ ስፒከር ሠራ፤ በአንድ ዋት ከ100 ዴሲቤል በላይ ይሰጣል፤ ነገር ግን ቁም ሣጥን ያክላል። በ1954 ኤድጋር ቪልቸርና ሄንሪ ክሎስ በማሳቹሴትስ አኩስቲክ ሪሰርች የተባለውን ኩባንያ መሥርተው ተቃራኒውን መንገድ ያዙ። ሳጥኑን ትንሽና ዝግ አደረጉት፤ በውስጡ የታሰረው አየር ራሱ የስፒከሩ ስፕሪንግ ሆኖ እንዲያገለግል አደረጉ። ከመጽሐፍ መደርደሪያ ላይ የሚቀመጥ ሳጥን እስከዚያ ጊዜ በትልልቅ ሳጥኖች ብቻ ይገኝ የነበረውን ወፍራም ድምፅ ሰጠ። ኩባንያው በኋላ የቀጥታ የአውታር ሙዚቀኞችን ከስፒከሮቹ ጋር እያፈራረቀ ለአድማጭ ያቀርብ ነበር። ዋጋው የተከፈለው በብቃት ነው።

የዚህን ልውውጥ ሕግ የሚገልጸው በክሎስ ባልደረባ በሆፍማን ስም የሚጠራው «የብረት ሕግ» ነው። ትንሽ ሳጥን፣ ጥልቅ ቤዝና ከፍተኛ ብቃት፤ ከሦስቱ ሁለቱን ብቻ መምረጥ ይቻላል። ብቃት ከሳጥኑ ይዘት ጋር በቀጥታ፣ ስፒከሩ ወደ ታች ከሚደርስበት የመጨረሻ ድግግሞሽ ሦስተኛ ኃይል ጋር ደግሞ እንዲሁ ይሄዳል። ሳጥኑን ሳትነኩ ከ100 ኸርዝ ይልቅ እስከ 50 ኸርዝ ይውረድልኝ ብትሉ ብቃቱ ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል፤ ይህም 9 ዴሲቤል ነው። የጠፋውን ለመመለስ ስምንት እጥፍ ዋት ትከፍላላችሁ። የትንሹ ሳጥን ሠሪ በዚህ አያፍርም፤ ዕዳውን ወደ አምፕሊፋየሩ አስተላልፏል። ዕዳው የተላለፈለት ሰው ግን ማወቅ ነበረበት።

እዚህ ላይ በውጭ አገር መጻሕፍት እምብዛም የማይነሣ አንድ ነገር ልጨምር፤ ከተማችንን በቀጥታ ይመለከታልና። ስፒከር የሚሠራው አየርን በመግፋት ነው። በተወሰነ ጉልበት የሚገፋ ኮን የሚፈጥረው የድምፅ ግፊት ከአየሩ እፍጋት ጋር በቀጥታ ይመጣጠናል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብላ ትገኛለች፤ የአየሯ እፍጋት በባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ገደማ ያንሳል። ሒሳቡን ስትሠሩት ያው ስፒከር፣ በያው ዋት፣ እዚህ ከ2 ዴሲቤል በላይ ያነሰ ድምፅ ይሰጣል። ፋብሪካው 83 ብሎ የጻፈው አልዋሸም፤ የጻፈው ግን እዚህ ሆኖ አይደለም። የሚገርመው፣ በዝግ ሳጥን ውስጥ ያለው አየርም በዚያው ልክ ይላላል፤ ስለዚህ የስፒከሩ ቤዝ በመጠኑ ወደ ታች ይወርዳል። የተራራ ነዋሪ ጥቂት ጥልቀት አትርፎ ጥቂት ብቃት ይከስራል፤ የሆፍማን ሕግ እንጦጦ ሥር ሆኖም አይለቅም።

አሁን ያን ምሽት ላልሠራሁት ሒሳብ እንመለስ። ከ83 ላይ ለከፍታው 2 ልቀንስ፤ 81። አባቴ የተቀመጡት 3 ሜትር ያህል ርቀው ነው። ሜዳ ላይ ቢሆን ርቀቱ ብቻውን ወደ 10 ዴሲቤል ይወስድ ነበር፤ ነገር ግን የክፍሉ ግድግዳዎች ድምፁን ይመልሳሉ፤ ስፒከሮቹም ሁለት ናቸው። ስለዚህ ኪሳራውን በግምት 4 ላድርገው። ለእያንዳንዱ ስፒከር 1 ዋት ሲሰጥ በወንበሩ ላይ 77 ዴሲቤል ይደርሳል። ጆሮው ለደከመ ሰው በአማካይ 80 ዴሲቤል ይበቃል ብንል የሚያስፈልገው 2 ዋት ብቻ ነው። ሁለት ዋት! እኔ ደግሞ 20 ነበረኝ። ችግሩ የት አለ?

ችግሩ ሙዚቃ በአማካይ የማይኖር መሆኑ ነው። የከበሮ ምት ከአማካዩ በ15፣ በ18፣ አንዳንዴም በ20 ዴሲቤል ብድግ ብሎ በቅጽበት ይወድቃል። 18ን እንውሰድ። ጫፉ ወንበሩ ላይ 98 ዴሲቤል መድረስ አለበት፤ ይህም ከ77 በላይ 21 ዴሲቤል ነው፤ 21 ዴሲቤል ማለት ደግሞ 126 ጊዜ። ስለዚህ ለዚያች ቅጽበት 126 ዋት ያስፈልጋል። ባሕር ዳርቻ ላይ ብንኖር 80 ዋት ይበቃን ነበር። የእኔ 20 ዋት ጫፉን 90 ላይ ያስቆመዋል፤ ስለዚህ ከበሮው ሳይዛነፍ ሊሰማ የሚችለው አማካዩ 72 ዴሲቤል ሲሆን ብቻ ነው። አባቴ «ጨምረው» ያሉት በትክክል ከዚህ ነጥብ ጀምሮ ነበር።

ከዚህ ነጥብ በላይ አምፕሊፋየሩ የሚያደርገውን ሰሌዳው ላይ ልሣለው። ማዕበሉ ወደ ላይ ሲወጣ የኃይል አቅራቢው ቮልቴጅ ጣሪያ ይሆንበታል፤ አናቱ ተቆርጦ ጠፍጣፋ ይሆናል። ከበሮው መጀመሪያ ጉልበቱን ያጣል፤ ቀጥሎ ከበሮው በተመታ ቁጥር የዘፋኙ ድምፅ አብሮ ይሻክራል። የታመመው ጉሮሮ ይህ ነው። መጠኑን እየጨመራችሁ በሄዳችሁ ቁጥር ጫፎቹ ባሉበት ቆመው ዝቅተኞቹ ድምፆች ብቻ ያድጋሉ፤ አማካዩ ኃይል ወደ ጫፉ ይጠጋል። ሙሉ በሙሉ የተቆረጠ ማዕበል ከንጹሑ ሳይን ማዕበል እጥፍ ኃይል ይሸከማል፤ 20 ዋት የተባለው ወደ 40 ይጠጋል ማለት ነው። ከዚያ ውስጥ ብዙው፣ በመቆረጥ የተወለደውን አዲስ ሸካራ ድምፅ ጨምሮ፣ ጥቂት ዋት ብቻ እንዲሸከም ወደ ተሠራው ትዊተር ይሄዳል። «ትንሽ አምፕሊፋየር ስፒከር ያቃጥላል» የሚባለው ከዚህ የመጣ ነው። አባባሉን እንዳለ አልቀበለውም፤ ትልቅ አምፕሊፋየርም ያለ ልክ ከተከፈተ ያቃጥላል። ልዩነቱ ትልቁ ሳይታመም የሚያሰማ በመሆኑ እጃችሁ ቀድሞ መቆሙ ነው።

ሁለተኛው ስሕተቴ ከመጀመሪያው ያሳፍረኛል። ትልቅ አምፕሊፋየር ያስፈልጋል ብዬ ደመደምሁና ፊቱ ላይ «1000 ዋት» የተጻፈበትን ገዛሁ። በጣት የሚነሣ ቀላል ዕቃ ነበር። ቤት አድርሼ ከጀርባው ያለችውን ትንሽ ምልክት ሳነብብ ከመስመሩ የሚወስደው 60 ዋት ነው ትላለች። በየትኛውም የፊዚክስ ሕግ 60 ዋት እየወሰደ ሳያቋርጥ ከ60 በላይ የሚሰጥ ዕቃ የለም። አንዳንድ አምራቾች ከማይክሮ ሰከንድ የማያልፈውን ጫፍ፣ የሁለቱን ቻናል ድምር፣ የተመኙትንም ጭምር ደምረው ይጽፋሉ። አሜሪካ በዚህ ምክንያት በ1974 በፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ደንብ አውጥታ የአምፕሊፋየር ኃይል በተከታታይ ሥራ፣ ከነጭነቱ በኦም፣ ከነዝንፈቱ እንዲነገር አስገድዳለች። እኛ ዘንድ ግን አሁንም ከሁሉ የተሻለው መሣሪያ የጀርባውን ምልክት ማንበብ ነው። ትራንስፎርመሩ የብረት ከሆነ ደግሞ ዕቃውን በእጅ አንሥቶ መመዘን ይጠቅማል።

ቢሆንም ዋት ራሱ ጥሩ ቁጥር አይደለም፤ ሁለት ነገሮችን በአንድ ስም ይሰውራል። 126 ዋት በ8 ኦም ላይ ማለት ጫፉ 45 ቮልት፣ 5.6 አምፔር ማለት ነው። ስፒከር ግን ተራ ሬዚስተር አይደለም። «8 ኦም» የተባለው በአንዳንድ ድግግሞሽ ላይ ወደ 4 ይወርዳል፤ ያን ጊዜ ያው 45 ቮልት 11 አምፔር ይጠይቃል። በዚያ ላይ ጅረቱና ቮልቴጁ አብረው ላይራመዱ ይችላሉ፤ ጅረቱ ከፍ ባለበት ቅጽበት ቮልቴጁ ዝቅ ካለ ትርፉ ኃይል የሚያርፈው በአምፕሊፋየሩ የውጤት ትራንዚስተሮች ላይ ነው። ርካሽ አምፕሊፋየር እዚህ ላይ ራሱን ለመከላከል ድምፁን ይቆርጣል፤ መከላከያ ከሌለው ይቃጠላል። ስለዚህ ሁለት አምፕሊፋየሮች ቢቀርቡላችሁ፣ አንዱ በ8 ኦም 140፣ በ4 ኦም 150 ዋት፣ ሌላው በ8 ኦም 110፣ በ4 ኦም 200 ዋት ቢሉ፣ እኔ ለአስቸጋሪ ስፒከር ሁለተኛውን እመርጣለሁ። የመጀመሪያው ቮልት አለው፤ አምፔር ግን የለውም። በ110 እና በ140 መካከል ያለው ልዩነት 1 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ ጆሮ እምብዛም አይለየውም።

የስፒከር ሻጮችም የራሳቸው ዘዴ አላቸው። አንዳንዱ ብቃትን በ1 ዋት ሳይሆን በ2.83 ቮልት ይለካል። በ8 ኦም ላይ ሁለቱ አንድ ናቸው። በ4 ኦም ላይ ግን 2.83 ቮልት 2 ዋት ነው፤ ስፒከሩ ባልሠራው ሥራ 3 ዴሲቤል ይመረቅለታል።

አሁን ደግሞ ወደ ግድግዳችን ሶኬት። መስመራችን 220 ቮልት ነው ይባላል፤ ማታ ማታ ስንት እንደሚሆን እያንዳንዳችሁ ታውቃላችሁ። ቮልቴጁን በማያስተካክል ተራ ትራንስፎርመር በሚሠራ አምፕሊፋየር ውስጥ ያ ጣሪያ ያልሁት ቮልቴጅ ከመስመሩ ጋር አብሮ ይወርዳል። 220 ወደ 190 ቢወርድ ኃይሉ በካሬ ስለሚቀንስ የቀረው ሦስት አራተኛ ነው። 126 ዋት የነበረው 94 ይሆናል፤ ይህም ሰዎች ቡና አፍልተው ሙዚቃ በሚከፍቱበት ሰዓት ነው። ሳሳው አየር እዚህም ይመለሳል፤ የአምፕሊፋየሩን ክንፋማ ብረት የሚያቀዘቅዘው እርሱ ነውና። በመደርደሪያ ውስጥ ያለ መተንፈሻ የታሸገ ትልቅ አምፕሊፋየር በከተማችን ቶሎ ይግላል።

ከአሜሪካ ዕቃ የሚላክላችሁም ይህን ስሙ። ሦስተኛውን አምፕሊፋየር የላከልኝ ሜሪላንድ የሚኖር ወንድሜ ነው፤ ለ120 ቮልት፣ ለ60 ኸርዝ የተሠራ ጥሩ ዕቃ። ቮልቴጁን በመቀነሻ ትራንስፎርመር ወደ 110 አወረድሁት፤ ድግግሞሹን ግን ማንም አይቀንስም፣ አይጨምርም፤ 50 ኸርዝ ሆኖ ቀረ። የትራንስፎርመር ብረት የሚሸከመው መግነጢሳዊ ጫና የቮልቴጁና የድግግሞሹ ጥምርታ ነው። 120 ለ60 ሁለት ነው፤ 110 ለ50 ደግሞ 2.2። አሥር በመቶ ትርፍ ጫና መጣበት፤ በጸጥታ ሰዓት ሲያጉረመርም ይሰማል፤ ነገር ግን ቻለው። ደግሞ መቀነሻው ራሱ በቂ አቅም ከሌለው የአምፕሊፋየሩ ትልቅነት ከንቱ ነው፤ ባለ 300 ቮልት አምፔር መቀነሻ ላይ የተሰካ ትልቅ አምፕሊፋየር በጠባብ ቧንቧ ውኃ የሚጠብቅ ገንዳ ነው።

ስለ ዓይነቶቹ አጭር ቃል። የቫኪዩም ቱቦ አምፕሊፋየሮች ውበታቸውን አልክድም፤ ባለ 8 ዋቱ ከክሊፕሽ ጡሩንባ ጋር ደስ ያሰኛል፤ ከእኔ ሳጥን ጋር ግን አይሆንም። ዛሬ ምክር ለሚጠይቀኝ ባለ ትንሽ ሳጥን የምመልሰው ክላስ ዲ የሚባለውን ነው፤ ከሚወስደው ኃይል አብዛኛውን ወደ ስፒከሩ ያደርሳል፤ ጥቂት ይሞቃል። ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚቀበል፣ ውጤቱንም የሚያስተካክል ኃይል አቅራቢ ያለው ከሆነ የማታው መዋዠቅ አይነካውም። እንዲህ ያለ ዕቃ ባገኝ ኖሮ ወንድሜን ያን ብረት አላሸክመውም ነበር።

ከመግዛት በፊት ግን ወንበሩን ማቅረብ ይቻላል። ከ3 ሜትር ወደ 1.5 ሜትር መጠጋት በክፍል ውስጥ 3 ወይም 4 ዴሲቤል ይመልሳል፤ ይህም ኃይሉን ከማጠፍ ይበልጣል፤ ዋጋው ደግሞ ባዶ ነው። አባቴን ለምኛቸዋለሁ፤ «በሩን ማን ያያል?» አሉኝ። ወሰንም አለው፤ መዳብ በአንድ ዲግሪ ሴልሺየስ ሬዚስታንሱ በ0.4 በመቶ ያህል ይጨምራል። ጥቅሉ በ180 ዲግሪ ከጋለ የሚቀበለው ኃይል ከሦስት አምስተኛ በታች ይወርዳል። አባካኝ ስፒከርን በዋት ብዛት ማስገደድ ከተወሰነ ልክ በኋላ ምድጃ መግዛት ነው። ጆሮን ደግሞ አትርሱ፤ 85 ዴሲቤል ለረጅም ሰዓት ከቀጠለ ይጎዳል፤ ለደከመ ጆሮ መድኃኒቱም አምፕሊፋየር አይደለም።

የወንድሜ አምፕሊፋየር የመጣው ከመጀመሪያው ምሽት ሁለት ዓመት በኋላ ነው፤ ለተቃጠለው ትዊተር ምትክ እስኪገኝም ያን ያህል ጊዜ ፈጅቷል። አባቴ በዚያው ወንበር ተቀምጠው ያንኑ ካሴት ሰሙ። መጠኑን እንድጨምር አልጠየቁኝም። ከበሮው ሲጀምር እጃቸውን አንሥተው አስቆሙኝና «አሁን ገና እጁ ታየኝ» አሉ፤ የመቺውን ማለታቸው ነው። ካሴቱ አላረጀም ነበር።

በጠረጴዛው ላይ የምታዩአቸው ሁለት ሳጥኖች እነዚያው ናቸው፤ በስተ ግራ ያለው ትዊተሩ የተለወጠለት ነው። ከጎናቸው የድሮው ባለ 20 ዋትና የወንድሜ አምፕሊፋየር አሉ፤ የማዕበሉን ቅርጽ በኦሲሎስኮፑ ስክሪን ላይ እናያለን። መስመሩን ከመግባቴ በፊት ለካሁት፤ 204 ቮልት ነበር። በመጀመሪያ ትንሹን እከፍታለሁ፤ የማዕበሉ አናት ጠፍጣፋ ሲሆን ከማየታችሁ በፊት በጆሯችሁ የለያችሁት እጃችሁን አንሡ። የኋላ ረድፍ ያላችሁ፣ እባካችሁ ወደ ፊት ጠጋ በሉ።